የጆሮ ታግ ስትገዙ «አይኤስኦ አለው» መባሉ ብቻ አይበቃም

ዛሬ ስለ በሬ ዋጋ ሳይሆን በሬው ጆሮ ላይ ስለሚንጠለጠለው ታግ እናውራ።

ቦሌ ወይም መገናኛ አካባቢ ካለ አስመጪ ፕሮፎርማ ሲመጣ መጀመሪያ የምናየው የአንዱን ፍሬ ዋጋ ነው። ቺፕ ያለው ታግ ከሆነ ከሥሩ «አይኤስኦ 11784/11785» ይላል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ጥራቱ የተረጋገጠ ይመስለዋል። ግን አይደለም።

ሁለቱም ደረጃዎች የሚናገሩት ስለ ቺፑ ነው። 11784 የቁጥሩን አደራደር ይወስናል። 11785 ደግሞ ቺፑና ማንበቢያው በ134.2 ኪሎ ኸርዝ እንዴት እንደሚነጋገሩ ይወስናል። ፕላስቲኩ ፀሐይ ይችላል ወይ? ከጆሮ ይወልቃል ወይ? ጽሑፉ ይለቃል ወይ? የዚህ መልስ እዚያ ውስጥ የለም። ይህን የሚፈትነው ኢካር የሚባለው ዓለም አቀፍ የእንስሳት መረጃ ምዝገባ ኮሚቴ ነው፤ ምስክር ወረቀቱም ለየብቻ ነው።

ለምን እንጨነቃለን? ለኤክስፖርት የተዘጋጀ ከብት ከጤና ሰነዱ ጋር የሚያገናኘው ቁጥሩ ነው። ለምሳሌ 1,000 በሬ አዘጋጅታችሁ ከመቶ 5 ታግ ቢወልቅ 50 በሬ ማንነቱ አይታወቅም ማለት ነው። በታግ ላይ የተረፈችው ብር የእነዚህን በሬዎች ዋጋ አትሸፍንም። በ1993 ዓ.ም መግቢያ በስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ምክንያት የባሕረ ሰላጤው አገሮች የምሥራቅ አፍሪካን የቁም እንስሳት ሲያግዱ ጤነኛውም አብሮ ነው የቀረው። ከየት እንደመጣ ማሳየት ካልተቻለ ሁሉም በአንድ ዓይን ይታያል።

ስለዚህ ቅድሚያ ክፍያ ከመልቀቃችሁ በፊት፦

1. የኢካር ምስክር ወረቀት ጠይቁ። ለአምራቹ ሳይሆን ለዚያው ሞዴል የተሰጠ መሆኑን አረጋግጡ። የተመሰከረላቸው ዝርዝር በድረ ገጹ ይገኛል።

2. ከ15ቱ አሃዝ የመጀመሪያዎቹን 3 እዩ። 231 የኢትዮጵያ ኮድ ነው፤ ቁጥሩን ማን እንደፈቀደ ጉርድ ሾላ ያለውን ግብርና ሚኒስቴር ጠይቁ። በ9 የሚጀምር ከሆነ የአምራች ኮድ ነው፤ ቁጥሩ እንዳይደገም ኃላፊነቱ የአምራቹ ነው።

3. መብሻ መሣሪያው ከታጉ ጋር የሚገጥም ይሁን። የማይገጥም መሣሪያ ጆሮ ያቆስላል፣ ጥሩውንም ታግ ያስወልቃል።

4. አንዴ ከተቆለፈ ሳይሰበር የሚወልቅ ታግ አትቀበሉ። ወደ ሌላ ከብት መዛወር የሚችል ቁጥር ማስረጃ አይሆንም።

ሁሉም ሰው ውዱን ይግዛ አላልንም። አዳማ አካባቢ ለ3 ወር የሚያደልብ ሰውና ከቦረና ጥጃ ጀምሮ የሚመዘግብ ዩኒየን ፍላጎታቸው አንድ አይደለም። ለአድላቢው ጥቂት ወር የሚቆይ ይበቃዋል፤ ዩኒየኑ ግን ዓመታት ፀሐይና እሾህ የሚችል ያስፈልገዋል።

ዩኒየኖች፣ ጨረታ ስታወጡ እነዚህን 4 ነጥቦች መስፈርት ውስጥ አስገቡ። «አነስተኛ ዋጋ ያቀረበ» ብቻ ካላችሁ የምታገኙትም እሱኑ ነው።

ለሚመለከተው ሼር አድርጉ።