አስቀድሞ የሚሠራው የትኛው ነው?

ቤት የሚያሠራ ሰው ግድግዳው ሲቆም፥ ጣራው ሲመታ እያየ «መስኮቱ ጠበበ፤ በሩ ወደዚህ ይዙር» ለማለት ይችላል። ኮምፒውተርን የሚያዝዘው ሶፍትዌር ግን እንደ ግድግዳ ከሩቅ አይታይም። ስለዚህም አሠሪው ገንዘቡን ከፍሎ ዓመታት ከጠበቀ በኋላ የማይጠቅመውን ነገር ሊረከብ ይችላል።

ይህ በግምት የተነገረ አይደለም። ኤፍ. ቢ. አይ. የተባለው የአሜሪካ የምርመራ ቢሮ መዝገቦቹን ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ለማዛወር ያሠራው የነበረ ሶፍትዌር፥ 170 ሚሊዮን ዶላር ያህል ከፈሰሰበት በኋላ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2005 ዓ.ም. ለአገልግሎት ሳይበቃ ተጣለ። በሚከተለው ዓመት «ሴንቲነል» የተባለው ሁለተኛ ሥራ ለሎክሂድ ማርቲን ኩባንያ ተሰጠ። በ2009 መጨረሻ ያልቃል የተባለው ይኸው ሥራ፥ በ2010 ከአራቱ ክፍሎች ሁለቱ ብቻ ተረክበው ሳለ 405 ሚሊዮን ዶላር ያህል በልቶ ነበር።

በዚህ ጊዜ ቢሮው ሥራውን ራሱ ያዘና «አጃይል» በሚባለው ዘዴ ይመራው ጀመር። አጃይል ማለት ቀልጣፋ ማለት ነው፤ መሠረተ ሐሳቡንም በ2001 ዓ.ም. 17 ባለሙያዎች በዩታ ተራሮች፥ ስኖውበርድ በተባለ ስፍራ ተሰብስበው በአጭር መግለጫ አውጥተውታል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የሚፈለገው ነገር ተዘርዝሮ ይጻፋል፤ ነገር ግን በአንድ ጊዜ አይሠራም። ሥራው ለምሳሌ በሁለት ሁለት ሳምንት ይከፈላል፤ በየሁለቱ ሳምንት መጨረሻም አንድ የሚሠራ ክፍል ቀርቦ ይታያል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው ነው። ስሕተት ቢኖር ወዲያው ይታወቃል እንጂ አራት ዓመት ተደብቆ አይቆይም።

ታዲያ ከዝርዝሩ የትኛው ይቅደም? የነገሩ ሁሉ ቍልፍ ይህ ነው። ጄፍ ሰዘርላንድና ኬን ሽዌበር በ1995 ለባለሙያዎች ባቀረቡት «ስክረም» በተባለው የአጃይል ሥርዓት፥ ይህን የሚወስነው «ፕሮዳክት ኦነር»፥ ማለት የምርቱ ባለቤት ነው፤ እርሱም አንድ ሰው እንጂ ኮሚቴ አይደለም። እንዴት እንደሚሠራ ባለሙያዎቹ ያውቃሉ፤ ምን እንደሚቀድም እርሱ ይናገራል። በብዙ ኩባንያ ደግሞ ገበያውንና ዋጋውን የሚያጠና «ፕሮዳክት ማኔጀር» አለ፤ አንዳንድ ጊዜም ሁለቱን ሥራ አንድ ሰው ይይዛቸዋል።

የዚህ ሰው ከባዱ ሥራ «ይህ ይቆይ» ማለት ነው። ስሙ ተሰጥቶት ሥልጣኑ ከተነፈገ፥ እያንዳንዱም አለቃ በጎን እየገባ የራሱን ጥያቄ ካስቀደመ፥ የሁለት ሳምንቱ ሥራ ጥድፊያ ብቻ ይሆናል፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና።

ሴንቲነል በአዲሱ ዘዴም ቢሆን ከታሰበለት ቀን ዘግይቷል። ይሁን እንጂ ከተፈቀደለት 451 ሚሊዮን ዶላር ሳያልፍ፥ በጁላይ 2012 ለቢሮው ሠራተኞች ሁሉ ተከፈተ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ ለመሥሪያ ቤትዎ ወይም ለንግድዎ ሶፍትዌር ለማሠራት ቢያስቡ፥ ውሉን ከመፈረምዎ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቁ። የሚቀድመውን የሚወስነው ማን ነው? የመጀመሪያውን የሚሠራ ክፍልስ የማየው መቼ ነው? ለሁለቱም ቁርጥ ያለ መልስ ካላገኙ፥ ብዕርዎን ወደ ኪስዎ ይመልሱ።