ከመተማ እስከ ራጉኤል፦ የዕጣን ገበያው የማይከፍለው ዋጋ

አዲስ አበባ፦ በመርካቶ ራጉኤል አካባቢ ዕጣን የማይሸትበት ቀን የለም። በደብሩ ቅዳሴ ሲቀደስ ከካህኑ ጽና ጢሱ ይወጣል። ከቅጥሩ ውጭ ደግሞ ቡና በሚፈላበት ሁሉ፣ ከረከቦቱ አጠገብ ፍም ላይ ይጨሳል። የቅዱስ ራጉኤል ዓመታዊ በዓል መስከረም 1 ቀን የሚከበር በመሆኑ፣ የደብሩ ንግሥና የአዲስ ዓመት ገበያ በአንድ ሰሞን ይገጣጠማሉ። ለበዓል ከሚሸመቱት ዕቃዎች መካከልም ዕጣን ከቡናና ከቄጠማ ጋር አብሮ ይነሣል።

ሸማቹ ዕጣን ሲመርጥ የሚያየው ንጣቱን፣ የፍሬውን መጠንና መዓዛውን ነው። ዋጋውም በአብዛኛው በእነዚህ ይወሰናል። በዚያ ዋጋ ውስጥ ግን አንድ ትልቅ ወጪ አልተቆጠረም፤ ይኸውም ዕጣኑን የሰጠው ዛፍ ሲያረጅ የሚተካውን ችግኝ ጠብቆ ለማሳደግ የሚያስፈልገው ወጪ ነው። ይህ ወጪ ባለመከፈሉ በመተማና በቋራ ቆላ ያለው የዕጣን ደን ተተኪ እያጣ ይገኛል።

ዕጣኑ ከየት ይመጣል?

በገበያው «የትግራይ ዕጣን» እየተባለ የሚታወቀው ነጭ ዕጣን የሚገኘው የሥነ ዕፅዋት ባለሙያዎች ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ ብለው ከሚጠሩት ዛፍ ነው። ስሙ የትግራይ ይሁን እንጂ፣ ዛፉ በአማራ ክልል በመተማ፣ በቋራና በአርማጭሆ ቆላማ ቦታዎች፣ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ እንዲሁም ድንበር ተሻግሮ በሱዳንና በኤርትራ ይበቅላል። ሌላ ሰብል በቀላሉ በማይዝበት ደረቅና ድንጋያማ ተዳፋት ላይ ጭምር ጸንቶ የሚቆም ዛፍ ነው።

ምርቱ የሚሰበሰበው ዝናቡ ካበቃ በኋላ፣ ከጥቅምት ገደማ ጀምሮ እስከ ክረምቱ መግቢያ ባሉት ወራት ነው። ሠራተኛው በስለታም መሣሪያ የግንዱን ቅርፊት በጥቂቱ ይፍቃል። ከቁስሉ ነጭ ፈሳሽ ይወጣና በፀሐይ ደርቆ ፍሬ ይሠራል። ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ የደረቀው ይለቀማል፤ ቁስሉም እንደገና ይታደሳል። በአንድ የበጋ ወቅት ይህ ሥራ በተደጋጋሚ ይከናወናል። የተለቀመው ዕጣን ወደ መጋዘን ገብቶ በንጣቱና በመጠኑ ይለያል፤ ይህን የመልቀም ሥራ በአብዛኛው የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። ከዚያም ከፊሉ ለአገር ውስጥ ገበያ ይቀርባል፤ ከፊሉም ወደ ቻይና፣ ወደ መካከለኛው ምሥራቅና ወደ አውሮፓ ተልኮ ለሽቶ፣ ለመድኃኒትና ለአምልኮ አገልግሎት ይውላል።

ጥቅሙ ለማን ይደርሳል?

ደኑ የቆመበት መሬት የመንግሥት ነው። ዕጣን የሚያመርቱ ድርጅቶችና ማኅበራት ለተወሰነ ጊዜ ፈቃድ ወስደው በተከለለላቸው ቦታ ያመርታሉ። ዛፉን የሚፍቁትና ዕጣኑን የሚለቅሙት ሠራተኞች ብዙዎቹ ለወቅቱ ሥራ ከሌላ አካባቢ የሚመጡ ናቸው። ከደኑ አጠገብ የሚኖረው አርሶ አደር ግን ከዚህ ሰንሰለት የሚያገኘው ድርሻ ብዙ ጊዜ አነስተኛ ነው።

በአንጻሩ ያው አርሶ አደር ደኑን መንጥሮ ሰሊጥ ወይም ጥጥ ቢዘራ፣ ምርቱን በዚያው ዓመት ይሰበስባል፤ ገንዘቡም የራሱ ነው። የቆመው ዛፍ የሌላ ሰው ገቢ፣ የተመነጠረው መሬት ግን የእርሱ ገቢ ሆኖ ይታየዋል። ስለዚህ ደኑ የሚመነጠረው አርሶ አደሩ የዛፍን ጥቅም ስለማያውቅ ነው ማለት አይቻልም። ከፊቱ የቀረበለት የጥቅም ስሌት ወደዚያ ስለሚመራው ነው።

የአምራች ድርጅቱም ስሌት ከዚህ ብዙም አይርቅም። ፈቃዱ አጭር ከሆነ፣ ከዛፉ በተቻለ መጠን ብዙ ዕጣን ማውጣት እንጂ ከብዙ ዓመት በኋላ ለሚደርስ ችግኝ ወጪ ማውጣት አያዋጣውም። ክፍያው በለቀመው መጠን የሚታሰብለት ሠራተኛም በዛፉ ላይ ቁስል ሲያበዛ የዕለት ገቢው ይጨምራል። ሁሉም ለራሱ የሚያዋጣውን ሲሠራ፣ ሁሉም የሚጠቀምበት ዛፍ ይጎዳል።

ወጣት ዛፍ የሌለበት ደን

በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በሱዳን በሚገኙ የዕጣን ደኖች ላይ የተካሄደና በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነ ጥናት አሳሳቢ ውጤት አሳይቷል። ከተጠኑት ደኖች ከ75 በመቶ በሚበልጡት ውስጥ ትንንሽ ዛፎች አልተገኙም። በእነዚህ ቦታዎች ለአሥርተ ዓመታት ተተኪ ዛፍ አልወጣም ማለት ነው። አጥኚዎቹ ሁኔታው በዚሁ ከቀጠለ የዕጣን ምርት በ20 ዓመታት ውስጥ በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል ገምተዋል።

ችግኙ ጨርሶ አይበቅልም ማለት አይደለም። ክረምት ሲገባ ከመሬት ብቅ ይላል፤ ነገር ግን ልቅ ግጦሽ ይረግጠዋል፣ ይበላዋል። ከዚያ የተረፈውን በበጋ የሚነሣው ሰደድ እሳት ያቃጥለዋል። አሮጌዎቹን ዛፎች ደግሞ ግንዳቸውን የሚቦረቡሩ ጥንዚዛዎች ያጠቋቸዋል። ከመጠን ያለፈ ፍቂያም የራሱ ዕዳ አለው። በኤርትራ የተደረገ ጥናት እንዳመለከተው፣ ካልተፋቁ ዛፎች የተገኘ ዘር ከ80 በመቶ በላይ ሲበቅል፣ ያለ ዕረፍት ከተፋቁት የተገኘው ግን የበቀለው 16 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። ዛፉ ለዘሩ የሚያውለውን ጉልበት ለዕጣኑ ያውለዋልና።

ይህን ለመረዳት የእህል ጎተራን ማሰብ ይበቃል። አርሶ አደር የቱን ያህል ቢቸገር ለዘር ያስቀመጠውን እህል ላለመንካት ይታገላል፤ እርሱ ካለቀ የከርሞ አዝመራ እንደሌለ ያውቃልና። በዕጣን ደን ውስጥ እየተበላ ያለው ዘሩ ነው። ለዓመት ፍጆታ የተሰፈረው ከዘሩ ጋር ስለተደባለቀ ግን በላተኛው ጉድለቱን በቶሎ አያየውም። ያረጁት ዛፎች እስከቆሙ ድረስ ዕጣን ወደ ገበያ መምጣቱን አያቋርጥም፤ ሲወድቁ ግን ምትክ የለም።

ጉዳቱም በዕጣን ብቻ አይወሰንም። ዛፉ በበጋ ቅጠሉን አራግፎ ሲያብብ ለንቦች ቀሰም ይሆናል፤ ቅጠሉ ለፍየሎች መኖ ነው። የምዕራብ ጎንደር ቆላ ደን የዱር እንስሳትም መጠጊያ ነው። በቋራ በኩል በሚገኘው አልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ አንበሶች መኖራቸው በ2008 ዓ.ም. በካሜራ በተቀረጸ ምስል ተረጋግጧል። ደኑ ሲሳሳ ንብ አናቢው፣ ከብት አርቢውና የዱር እንስሳው አብረው ይጎዳሉ።

የመንዝ ጓሳ ትምህርት

የዱር ሀብትን እየተጠቀሙ ማቆየት እንደሚቻል የሚያሳይ ምስክር በዚያው በአማራ ክልል፣ ከመተማ ቆላ እጅግ በራቀ ደጋ ላይ ይገኛል። በሰሜን ሸዋ የመንዝ ሕዝብ የጓሳን ሣር ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ «ቄሮ» በተባለ ሥርዓት ሲጠብቅ ኖሯል። ቦታው ለተከታታይ ዓመታት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ ለተወሰነ ጊዜ ተከፍቶ ባለ መብቶቹ ያጭዳሉ። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለዝናብ መከላከያ ገሳ ያገለግላል። ጥበቃው የተደረገው ለሣሩ ሲባል ነበር፤ ነገር ግን በሣሩ ውስጥ አይጦች፣ በአይጦቹም ምክንያት ቀይ ቀበሮ ሊኖር ቻለ። ጭላዳም በዚያው ተጠብቆ ቆየ። በዓለም ላይ ያለው ለአካለ መጠን የደረሰ ቀይ ቀበሮ ከ500 እንደማይበልጥ ሲታሰብ፣ የጓሳ ሣር ጠባቂዎች የሠሩት ሥራ ቀላል አይደለም።

የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ የቄሮን ሥርዓት ባፈረሰ ጊዜ ሣሩ ለማንም ክፍት ሆነ፤ ጉዳትም ደረሰበት። በኋላ ግን ነዋሪው ጥበቃውን በአዲስ መልክ አደራጀ፤ ቦታውም የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ሕጋዊ ዕውቅና አገኘ። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። የሚጠብቀው ሰው ተጠቃሚም ነበር፤ ማን መቼ እንደሚያጭድ የሚወስን ደንብ ነበር፤ ደንቡን የጣሰ ደግሞ ይቀጣ ነበር። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ሥርዓቱ ይፈርሳል።

ለዕጣን ደንስ?

ሊደረግ የሚገባው ነገር ያልታወቀ አይደለም። በአንድ ዛፍ ላይ የሚደረገውን ፍቂያ መቀነስ፣ ዛፉን በየተወሰነ ዓመት ማሳረፍ፣ እሳት መከላከያ መስመር ማውጣት፣ ችግኝ የበቀለበትን ቦታ ከልቅ ግጦሽ መከለል ይገኙበታል። ዛፉን ከቅርንጫፉ ቆርጦ በመትከል ማባዛት እንደሚቻልም በምርምር ታይቷል።

አስቸጋሪው ወጪውን ማን ይክፈል የሚለው ነው። ዛፉ ባረፈበት ዓመት ሠራተኛው ገቢ ያጣል። በተከለለው ቦታ አርቢው ግጦሽ ያጣል። ይህን ኪሳራ እነርሱ ብቻ እንዲሸከሙ ከተፈለገ ጥበቃው ከወረቀት አያልፍም። በአንጻሩ የፈቃዱ ዘመን ረዝሞ አምራቹ ለነገም እንዲያስብ ቢደረግ፣ የአካባቢው ነዋሪዎች በማኅበር ተደራጅተው የማምረት መብት ቢያገኙ፣ ከከለላው ውስጥ ሣር እያጨዱ ለከብቶቻቸው እንዲያቀርቡና ማር እንዲያመርቱ ቢፈቀድላቸው ስሌቱ ይለወጣል። ያን ጊዜ የቆመ ዛፍ ከተመነጠረ መሬት ጋር መወዳደር ይጀምራል።

የከተማው ሸማችም ከዚህ ስሌት ውጭ አይደለም። ደኑን የማዳን ወጪ ተከፍሎበት የሚመጣ ዕጣን በዋጋው ጥቂት ከፍ ሊል ይችላል። ያለዚያ ግን ዛሬ በርካሽ የተገኘው ነገ በውድም አይገኝም። በራጉኤል ደጃፍ የሚጨሰው ዕጣን በሚቀጥሉት ዓመታት መኖር አለመኖሩን የሚወስነው በመተማ ቆላ ዘንድሮ የበቀለው ችግኝ የበጋውን እሳት ተሻግሮ ክረምት መድረሱ ነው።