ተረትና እውነታ፦ አንገት ሲሳብ ይድናል?

ዲስክ አለብህ የተባለ ሰው ምክር አያጣም። አንዱ ጥሩ ወጌሻ ይጠቁመዋል፤ ሌላው በቴሌግራም የሚሸጥ፣ በአየር የሚነፋ የአንገት ኮላር ፎቶ ይልክለታል፤ ውጭ ዘመድ ያለው ደግሞ በር ላይ የሚሰቀለውን ያስመጣል። ይሄኛው አገጭና ማጅራት የሚይዝ ማሰሪያ፣ በፑሊ የሚያልፍ ገመድ፣ በገመዱ ጫፍም ውሃ የሚሞላ ከረጢት አለው። መሣሪያው ቢለያይም ሐሳቡ አንድ ነው፤ ጭንቅላት ወደ ላይ ሲሳብ አንገት ይፍታታል። መሠረት የሌለው ነገር አይደለም፤ ግን ብዙ ወሬ ተደርቦበታል።

«የተንሸራተተው ዲስክ ወደ ቦታው ይመለሳል»

አይመለስም። ዲስክ ከላይና ከታች ካሉት አጥንቶች ጋር ተጣብቆ የሚኖር፣ ዳሩ ጠንካራ መሃሉ ዝልግልግ የሆነ ትራስ ነው። ከቦታው ተነስቶ አይሄድም፤ ዳሩ ያብጣል፣ ወይም ይቀደድና መሃሉ ወደ ውጭ ይወጣል። አንገት ሲሳብ በአጥንቶቹ መካከል ያለው ክፍተትና ነርቭ የሚወጣበት ቀዳዳ በጥቂቱ ይሰፋሉ፤ የተጨነቀው ነርቭም ለጊዜው ፋታ ያገኛል። ክብደቱ ሲነሳ ክፍተቱ ወደነበረበት ይመለሳል። የወጣውን ክፍል ብዙውን ጊዜ በወራት ውስጥ እየመጠጠ የሚያሳንሰው ሰውነት ራሱ ነው።

ደግሞስ ሕመሙ ሁሉ ከዲስክ ነው ያለው ማነው? እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ የጃፓን ጥናት ምንም የማያማቸው 1,211 ሰዎች አንገታቸውን በኤም.አር.አይ. ታይተው 87.6 በመቶዎቹ ያበጠ ዲስክ ተገኝቶባቸዋል። የምርመራውን ወረቀት ይዞ መሣሪያ ሊገዛ የሚሮጥ ሰው ይህን ቁጥር ቢያውቅ አይከፋም።

«ለማንኛውም የአንገት ሕመም ይሆናል»

አንገቱ ተቆልምሞ ያደረ ወይም ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ያጎነበሰ ሰው በአብዛኛው የሚያመው ጡንቻው ነው። ሞቅ ያለ ፎጣና ቀስ ያለ እንቅስቃሴ ይበቃዋል፤ በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት ይለቀዋል። መሳብ የሚታሰበው ነርቩ ሥሩ ላይ ለተጫነበት ሰው ነው። የዚህ ሰው ሕመም ከአንገት ተነስቶ ትከሻን አልፎ በክንድ ይወርዳል፤ ጣቶችም ሊደነዝዙ ይችላሉ። አንዳንዱ ሳያውቀው እጁን አናቱ ላይ ጭኖ ይቀመጣል፤ እንዲያ ሲያደርግ ነርቩ ስለሚላላ ሕመሙ ይቀንስለታል። ጎበዝ ፊዚዮቴራፒስት ስለ መሣሪያ ከማውራቱ በፊት በሽተኛውን አጋድሞ ጭንቅላቱን በእጁ ቀስ አድርጎ ይስባል። የክንዱ ሕመም በዚያች ቅጽበት ከቀለለ መሣሪያው ሊጠቅም ይችላል፤ ከባሰ ግን ነገሩ እዚያው ያበቃል።

የሳይንሱም መልስ ቁጥብ ነው። ኮክሬን የተባለው የጥናት ገምጋሚ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2008 ያሉትን ጥናቶች አገላብጦ ይጠቅማል ለማለትም አይጠቅምም ለማለትም በቂ ማስረጃ አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ2014 አሜሪካ ውስጥ ሕመሙ ወደ ክንድ የሚወርድባቸው 86 ሰዎች በሦስት ተከፍለው ነበር፤ አንዱ ቡድን ስፖርት ብቻ፣ ሁለተኛው ስፖርትና የበሩን መሣሪያ፣ ሦስተኛው ስፖርትና የክሊኒክ ማሽን። በ6ኛውና በ12ኛው ወር የተሻለ ውጤት ያሳየው ሦስተኛው ነው። ሦስቱም ጋ ስፖርቱ እንዳለ ልብ ይሏል።

«ክብደቱ በጨመረ ቁጥር ይሻላል»

የአንድ ጎልማሳ ጭንቅላት ከ4.5 እስከ 5 ኪሎ ይመዝናል። ባለሙያዎች በቤት ሲያስጀምሩ ከዚሁ በማይበልጥ ክብደት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ከ9 ኪሎ አያልፉም፣ ጊዜውም ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ነው። ከመጠን ሲያልፍ ጡንቻው ራሱን ለመከላከል ይጨመደዳል፤ የተፈለገው መላላት ይቀርና አንገት ደርቆ ይውላል። በበሩ መሣሪያ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አቀማመጡን ነው። ጀርባን ለበሩ ሰጥቶ መቀመጥ አንገትን ወደ ኋላ ይቀለብስና የነርቩን ቀዳዳ ያጠባል፤ ፊት ወደ በሩ ሆኖ አንገት ትንሽ ወደ ፊት ማዘንበል አለበት። ጥርሱን ወይም የመንጋጋ መገጣጠሚያውን የሚያመው ሰውማ አገጭ የሚስበውን ትቶ፣ ተጋድሞ ከማጅራት ብቻ የሚስበውን ቢጠይቅ ይሻለዋል። የሚነፋው ኮላር በስንት ኪሎ እንደሚስብ ገዢው የሚያውቅበት መንገድ የለም፤ በጣም ከተነፋም ጉሮሮን ይጫናል።

በቻይና መናፈሻዎች አረጋውያን አገጫቸውን ቀበቶ ላይ አሳርፈው መላ ሰውነታቸውን ሲያወዛውዙ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች ብዙ ተመልካች አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2024 ቾንግቺንግ ከተማ ውስጥ አንድ ሰው ይህን ሲያደርግ ሕይወቱ አልፏል።

«ባይጠቅም አይጎዳ»

አደገኛው አባባል ይሄ ነው። ከመኪና ወይም ከባጃጅ አደጋ በኋላ የመጣ የአንገት ሕመም ራጅ ሳይነሳ አይነካም። አጥንቱ የሳሳበት፣ ካንሰር ወደ አጥንቱ የገባበት፣ መገጣጠሚያን የሚያሳብጠው ሩማቶይድ አርትራይተስ ያለበት ሰውም እንዲሁ። እኛ አገር ደግሞ የአከርካሪ ቲቢ አለ፤ ከአንገት ሕመም ጋር ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ከመጣ፣ የሚሳበው በበሽታ የተበላ አጥንት ሊሆን ይችላል። የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ ያቃተው፣ እርምጃው የሚወላገድ፣ ሽንቱን መቆጣጠር የተሳነው ሰው ህብለ ሰረሰሩ ተጭኖ ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ወጌሻም ቢሆን የወለቀ ክንድ መመለስ ይችልበት ይሆናል፤ አንገትን ጠምዝዞ «ቀጭ» ማድረግ ግን ሌላ ነው፤ ወደ አንጎል የሚሄዱ ደም ሥሮች በአንገት አጥንቶቹ ቀዳዳ ውስጥ ነው የሚያልፉት።

ሐኪም ፈቅዶለት የጀመረ ሰው መከታተል ያለበት ሕመሙ የት እንደሄደ ነው። ከጣት ወደ ክርን፣ ከክርን ወደ ትከሻ ከተሰበሰበ፣ አንገቱ ላይ ትንሽ ቢጠነክር እንኳ ጥሩ ምልክት ነው። ወደ ታች ከወረደ፣ ድንዛዜው ከጨመረ ወይም ራስ ካዞረ ግን ክብደቱን ቀስ ብሎ አንስቶ ያቁም።