የቤት ጉበኛ፦ አስተዋይነት በቤት አያያዝ

1ኛ ጢሞቴዎስ 3፥4–5 የመጋቢን ብቃት የሚለካው ከቤቱ ነው። እኛ ግን ቤትን ማስተዳደር ሲባል የልጆችን ሥርዓት ብቻ እናስብና የጓዳውን፣ የገበያውንና የወር ወጪውን ጉዳይ እናልፈዋለን። መጽሐፈ ምሳሌ አያልፈውም።

በምሳሌ 31፥27 ልባሟ ሴት የቤቷን አካሄድ እንደምትከታተል የሚናገረው የዕብራይስጥ ግስ «ጻፋ» ነው። በሕዝቅኤል 33፥7 ነቢዩ ጉበኛ የተባለበት «ጾፌ» የሚለው ቃልም ከዚሁ ግስ የወጣ ነው። ጉበኛ አደጋውን ከሩቅ እንደሚያይ፣ እርሷም ብርዱ ሳይመጣ ቤተ ሰቦቿን ታለብሳለች (ቁ. 21)። ይሁንና አስተዋይነት ቁጠባ ብቻ አይደለም፤ እንዝርት የያዙት እጆች ወዲያው ለድሀ ይዘረጋሉ (ቁ. 19–20)።

ጥንቃቄ የሚያሻው ነገርም አለ። ምሳሌ 8፥12 ለብልሃት የሚጠቀምበት «ዖርማ»፣ በዘፍጥረት 3፥1 የእባቡ ተንኮለኛነት ከተነገረበት ቃል ጋር ሥሩ አንድ ነው። ገቢን ከትዳር ጓደኛ መደበቅ ብልሃት ይመስላል፤ እግዚአብሔርን መፍራት ግን የለበትም (31፥30)።

በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማረው ቶማስ አኩዊናስ የአስተዋይነትን ሥራ በሦስት ይከፍለዋል፦ መምከር፣ መፍረድና የተፈረደውን እንዲፈጸም ማዘዝ። ዋነኛው ሦስተኛው ነው ይላል። ባልና ሚስት ጤፍ ከመኸር በኋላ፣ ዋጋው ረከስ ሲል፣ ለመግዛት ተማክረው ቢወስኑና ገንዘቡ ጥር ላይ ለሌላ ነገር ቢውል፣ ምክሩም ውሳኔውም ነበረ፤ አስተዋይነቱ ግን ከፍጻሜ አልደረሰም።

በአገልጋዮች ቤት ፈተናው ሌላ መልክ ይይዛል። የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ ባለቤቱን ሳያማክር ለችግረኛ ሰጥቶ «እግዚአብሔር ያዘጋጃል» የሚል አገልጋይ አለ። ልግስናው እውነተኛ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ጭንቀቱን የምትሸከመው ያልተጠየቀችው ሚስቱ ናት፤ ልጆቹም እምነት ማለት ያለ ምክር መወሰን እንደሆነ ይማራሉ። ያን ቃል የተናገረው አብርሃም ግን እንጨቱን ፈልጦ፣ እሳቱንና ቢላዋውን ይዞ የወጣ ሰው ነበር (ዘፍ. 22፥3–14)። በእግዚአብሔር ዝግጅት ማመኑ እጁን ከሥራ አላስቀመጠውም።

ስለዚህ በቅድመ ጋብቻ ትምህርታችሁ ከኤፌሶን 5 ጋር ምሳሌ 31ንም ክፈቱ። ለሙሽራዪቱ ብቻ ሳይሆን ለሁለቱም አስተምሩት። ገቢው ስንት እንደሆነ ሁለቱም ያውቁ እንደሆነ፣ እንግዳ ሲመጣ፣ ዘመድ ሲታመም፣ እቁብ ሲወጣ ማን ከማን ጋር እንደሚማከር ጠይቋቸው። ከዚያ በፊት ግን ጥያቄውን በራሳችሁ ቤት ተነጋገሩበት።