ፀጉርን በቤት ውስጥ ቀለም ለመቀባት የሁለት ቀን ትዕግሥት

ጥር ሲገባ ሠርግ ይበዛል፤ ፋሲካ ሲቃረብም ዘመድ ከዘመድ ይገናኛል። በእነዚህ ሰሞናት ሽበቱን ለማጥቆር ወይም የፀጉሩን መልክ ለመቀየር የሚሻ ሰው ብዙ ነው። ፀጉር ቤት ለመሄድ ጊዜ ወይም ገንዘብ ያጠረው ሰው ከሱቅ አለያም ከገበያ ትንሽ እሽግ ገዝቶ በቤቱ ይቀባል። አብዛኛው ሰው ያለ ችግር ይጠቀምበታል። ይሁን እንጂ በዋዜማው ተቀብቶ በበዓሉ ዕለት ፊቱ ያበጠ፣ ዐይኑን መግለጥ ያቃተው ሰውም ይኖራል። ይህን አደጋ ለመቀነስ የሚያስፈልገው ጥንቃቄ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ሁለት ቀን ብቻ ነው።

ቀለሙ በፀጉር ውስጥ ምን ይሠራል?

ከራስ ቆዳ በላይ የሚታየው ፀጉር ሕይወት የለውም፤ ሕይወት ያለው ከቆዳው ውስጥ የሚገኘው ሥሩ ነው። ለፀጉር ጥቁረት የሚሰጠው ሜላኒን የተባለው ንጥረ ነገርም የሚመረተው በዚያው ሥር ነው። ዕድሜ ሲገፋ ሜላኒን የሚያመርቱ ሕዋሳት እየቀነሱ ስለሚሄዱ ፀጉሩ ያለ ቀለም ያድጋል። ሽበት የሚባለውም ይኸው ነው።

እያንዳንዱ የፀጉር ዘለላ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ የውጭ ሽፋን አለው። ቋሚ የሚባለው ቀለም ብዙ ጊዜ በሁለት ዕቃ ተለያይቶ ይሸጣል። በአንደኛው ውስጥ ያለው አሞኒያ ወይም መሰል ንጥረ ነገር ሽፋኑን ይከፍታል። በሌላኛው ያለው ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ደግሞ የተፈጥሮውን ቀለም ያሳሳል፤ አዲሱም ቀለም በፀጉሩ ውስጥ እንዲፈጠር ያደርጋል። ሽፋኑ በተከፈተ ቁጥር ፀጉሩ እየደረቀ ይሄዳል። ሕይወት የሌለው በመሆኑም እንደ ቁስል አይሽርም። የተጎዳውን ፀጉር የሚተካው አዲስ የሚያድገው ብቻ ሲሆን እድገቱም በወር 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው።

ዋናው ስጋት

በጥቁርና በቡናማ ቀለሞች ውስጥ በስፋት የሚገኘው ፓራ ፌኒሊን ዳያሚን የተባለው ኬሚካል ነው፤ በአጭሩ ፒፒዲ ይባላል። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ቀለሙ ተቀላቅሎ ራስ ላይ በሚውልበት ጊዜ የዚህ ኬሚካል መጠን ከ2 በመቶ እንዳይበልጥ ይገድባል። ስሙና ይዘቱ ያልተጻፈበት፣ የአጠቃቀም መመሪያም የሌለው ዱቄት የሚገዛ ሰው ግን ምን ያህል ፒፒዲ እንዳለበት የሚያውቅበት መንገድ የለም።

ፒፒዲ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ከባድ አለርጂ ያስከትላል። የራስ ቆዳ ያሳክካል፣ ይቀላል፣ ውኃ ይቋጥራል፤ እብጠቱም ወደ ፊትና ወደ ዐይን ቆብ ይወርዳል። አለርጂው ቀለሙን ለዓመታት ያለ ችግር በተጠቀመ ሰው ላይም ድንገት ሊነሣ ይችላል። ስለሆነም «ከዚህ በፊት ተቀብቼ ምንም አልሆንሁም» ማለት ዋስትና አይሆንም።

ለዚህ ነው በእያንዳንዱ ጊዜ አስቀድሞ በቆዳ ላይ መሞከር የሚያስፈልገው። በእሽጉ መመሪያ መሠረት ጥቂት ቀለም ከጆሮ ጀርባ ወይም በክንድ መታጠፊያ ውስጥ ይቀባና ለ48 ሰዓት ቆዳው ይታያል። ማሳከክ፣ መቅላት ወይም እብጠት ከታየ ቦታው በብዙ ውኃ ይታጠባል፤ ያ ቀለም ራስ ላይ መዋል የለበትም።

አቀባቡ

ቁስል፣ ችፌ ወይም ጭረት ባለበት የራስ ቆዳ ላይ ቀለም አይቀባም። ቅቤ የተቀባ ፀጉር ቀለሙን በደንብ ስለማይዝ ከአንድ ቀን በፊት መታጠብ ይኖርበታል። በዕለቱ አለመታጠብ ግን ይመረጣል፤ የራስ ቆዳ የተፈጥሮ ወዝ በመጠኑ ይከላከላልና።

ቀለሙ የሚበጠበጠው ለምግብና ለመጠጥ በማያገለግል የፕላስቲክ ወይም የብርጭቆ ዕቃ ነው። በብረት ዕቃ መበጥበጥ አይመከርም። ጓንት ይደረጋል፤ በግንባርና በጆሮ ዙሪያም ቫዝሊን ይቀባል። መስኮትና በር መከፈት አለባቸው። ቅንድብና ሽፋሽፍት በፀጉር ቀለም ፈጽሞ አይቀቡም፤ ወደ ዐይን የገባ ቀለም እስከ መታወር ሊያደርስ ይችላልና።

ቀለሙ በቆየ መጠን ይበልጥ ይጠቁራል በሚል ተቀብቶ ማደር ጉዳት ነው። ቀለሙ የሚፈጠረው መመሪያው በሚያዘው ደቂቃ ውስጥ ነው፤ ከዚያ በላይ መቆየት ፀጉሩንና ቆዳውን ከመጉዳት ያለፈ ጥቅም የለውም። ሰዓቱ ሲሞላ ውኃው እስኪጠራ ድረስ ለብ ባለ ውኃ ይታጠባል። የተረፈው ብጥብጥ ለሌላ ቀን ተብሎ በጠርሙስ አይከደንም፤ በውስጡ የሚፈጠረው ጋዝ ዕቃውን ሊያፈነዳው ይችላል። ከብት ወደሚጠጣበት ወይም ውኃ ወደሚቀዳበት ቦታም አይደፋም።

ሂና እና «ጥቁር ሂና»

ንጹሕ ሂና ከተክል ቅጠል የሚገኝ ሲሆን፣ የሚሰጠውም ወደ ቀይና ብርቱካን የሚያደላ መልክ ነው። ስለዚህ በአጭር ጊዜ ድቅድቅ ጥቁር የሚያደርግ «ሂና» ሲገኝ ፒፒዲ ተቀላቅሎበት ሊሆን እንደሚችል መጠርጠር ይገባል። ሙሽሮችና ሚዜዎች እጃቸውንና እግራቸውን በዚህ ውሑድ ሲያስውቡ ቆዳቸው ሊቃጠልና ጠባሳ ሊቀርባቸው ይችላል። በዚህ መንገድ አለርጂ የያዘው ሰው ከዓመታት በኋላ የፀጉር ቀለም ሲቀባም ይታመማል።

ከተቀቡ በኋላ

ፀጉር ማለስለሻ ክሬም የተጠቀመ ሰው ቀለም ለመቀባት ቢያንስ 14 ቀን መጠበቅ አለበት። ሁለቱን በአንድ ቀን የተጠቀመ ፀጉር ይሰባበራል። የካውያ ሙቀትን መቀነስ፣ ሹሩባን አጥብቆ አለመሠራትና ከታጠቡ በኋላ ኮንዲሽነር ወይም ዘይት መቀባት ፀጉሩን ከመበጣጠስ ያድናል። ቀጣዩ ቀለም የሚቀባውም አዲስ በበቀለው ሥር ላይ ብቻ ነው፤ ቀድሞ የተቀባውን ደጋግሞ መቀባት ያደርቀዋል።

በአፍ ከገባ

በቆዳ ላይ ከሚደርሰው የከፋው ጉዳት የሚመጣው ቀለሙ በአፍ ሲገባ ነው። በሱዳን፣ በሞሮኮና በሕንድ ያሉ ሐኪሞች ይህን መመረዝ ለአሥርተ ዓመታት ሲያክሙና ሲጽፉበት ኖረዋል። ፊት፣ ምላስና ጉሮሮ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ አብጠው መተንፈሻን ይዘጋሉ። ቀጥሎም ጡንቻ ይጎዳል፣ ሽንት ይጠቁራል፣ ኩላሊት ሥራውን ሊያቆም ይችላል። ማርከሻ መድኃኒት የለውም፤ ሕይወት የሚተርፈው በፍጥነት በሚደረግ የሆስፒታል ሕክምና ነው። ስለዚህ ሕፃን ቀለም ቀምሶ ከተገኘ ወይም የተቀባ ሰው መተንፈስ ካቃተው፣ ለማስመለስ ሳይሞከርና ምልክት ሳይጠበቅ እሽጉን ይዞ ወዲያውኑ ወደ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል። ቀለምን ከልጆች እጅ ማራቅ፣ በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስም ሆነ በመድኃኒት ብልቃጥ አለማስቀመጥ የቤተሰቡ ሁሉ ኃላፊነት ነው።

ለእሑድ ሠርግ የሚዘጋጅ ሰው ቀለሙን ረቡዕ ጠዋት በቆዳው ላይ ቢሞክር፣ ዓርብ ጠዋት ውጤቱን አይቶ መቀባት ወይም መተው ይችላል።