ስለ ወይን ጠጅ የሚወራውና እውነቱ

ከወልድያ ወደ ሚሌ በሚወርደው መንገድ ላይ የምትገኘው ሐራ፣ በዙሪያዋም ያለው ቆላ፣ የማሽላና የጤፍ፣ የማንጎና የፓፓያ አገር እንጂ የዐጸደ ወይን አገር ተብሎ አይታወቅም፤ ይሁን እንጂ የወይን ጠጅ ጠርሙስ በሰርግና በበዓል ማዕድ ላይ መታየት ከጀመረ ወዲህ፣ ስለ አሠራሩ የሚነገረው ወሬ ከጠርሙሱ በዝቷል። ይህን ወሬ አንድ በአንድ የመረመረ ሰው የሚደርስበት ነገር ቢኖር፣ አብዛኛው ስሕተት የመጣው ካለማወቅ ሳይሆን ከማወቅ መሆኑ ነው፤ ይኸውም ጠላ ስትጠምቅ፣ ጠጅ ስትጥል የኖረች እመቤት የለመደችውን ሙያ ወደማታውቀው መጠጥ ስለምታሻግር ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰማው፣ ወይን ጠጅም እንደ ማር ጠጅ በውሃ ተበጥብጦ ጌሾ ይገባበታል፣ የሚያሰክረውም በኋላ አልኮል ስለሚጨመርበት ነው የሚለው ነው። ማር ከመቶው 80 እጅ ያህሉ ስኳር፣ ውሃውም ከ20 እጅ የማይበልጥ በመሆኑ እርሾ ሊሠራበት አይችልም፤ ስለዚህ ጠጅ ጣይዋ ሦስት አራት እጥፍ ውሃ ታገባበታለች። ገብስና ማሽላ ደግሞ ስኳራቸው በስታርች ተቆልፎ ስለሚገኝ፣ ቁልፉን የሚከፍት ብቅል ያስፈልጋቸዋል። የወይን ፍሬ ግን ውሃውንም ስኳሩንም በአንድ ቆዳ ውስጥ ይዞ የተፈጠረ ነውና፣ ሲበስል ከ20 እስከ 25 በመቶ ስኳር ስለሚኖረው፣ ጌሾም ብቅልም ውሃም አይሻም። በልጣጩና በመጥመቂያው ቤት ያለው፣ ወይም ጠማቂው መርጦ የሚጨምረው እርሾ ስኳሩን እየበላ አልኮልና ጋዝ ያወጣል፤ በአንድ ሊትር ጭማቂ ውስጥ ያለ 17 ግራም ያህል ስኳር አንድ በመቶ አልኮል ይሰጣል፤ 220 ግራም ያለበትም ወደ 13 በመቶ ይደርሳል። ፍላት የሕያው እርሾ ሥራ መሆኑን ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ካስረዳ በኋላ ነገሩ ለሊቃውንት ምሥጢር መሆኑ ቀርቷል። በእርግጥ እንደ ፖርቱጋሉ ፖርት ያሉ፣ ጠንካራ አልኮል ተጨምሮባቸው ፍላታቸው የሚቋረጥ ወይኖች አሉ፤ እነርሱ ግን የተለዩ ናቸው። በወንጌል አዲስ ወይን በአሮጌ አቁማዳ አይደረግም መባሉም በዚሁ ጋዝ ምክንያት ነው፤ ጭማቂው ገና ሲፈላ የሚወጣውን ጋዝ ለስላሳው አዲስ ቆዳ ተለጥጦ ሲችለው፣ የደረቀው አሮጌ ቆዳ ግን ይቀደዳል።

ሁለተኛው ወሬ የቀለም ነው፤ ቀዩ ወይን ቀለም ይገባበታል፣ ወይም ጭማቂው ራሱ ቀይ ነው ይባላል። ጥቁር ወይን ያገኘ ሰው አንዷን ፍሬ በጥፍሩ ልጦ ውስጧን ቢጨምቃት፣ የሚወርደው ጭማቂ ከጥቂት ዝርያዎች በስተቀር ውሃ መሳይ ሆኖ ያገኘዋል፤ ቀለሙ ያለው በልጣጩ ነው። ስለዚህም ቀዩን የሚሠራ ጠማቂ ፍሬውን ከዘለላው ዘንግ ለይቶ ከሰነጠቀው በኋላ፣ ጭማቂውን ከልጣጩና ከፍሬው ዘር ጋር አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ያህል አብሮ ያፈላዋል። በዚህ ጊዜ ጋዙ ልጣጩን ወደ ላይ ገፍቶ እንደ ወፍራም ክዳን ስለሚያንሳፍፈው፣ በየቀኑ ደጋግመው ወደ ታች ካልደፈቁት ወይም ጭማቂውን ከሥር ቀድተው ካላፈሰሱበት፣ ቀለሙም ሳይወጣ ይቀራል፣ ክዳኑም ይሆመጥጣል። ነጩን የሚሠራው ግን አስቀድሞ ጨምቆ ልጣጩን ይጥልና ጭማቂውን ብቻ ያፈላል፤ ከጥቁር ፍሬም ነጭ ወይን የሚወጣው በዚህ መንገድ ነው።

ወይን የብርድ አገር ተክል ነው፣ በእኛ ቆላ አይሆንም የሚለውን ደግሞ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ከፍታ ባላት ዝዋይ የተተከለው የካስቴል ኩባንያ ዐጸደ ወይን አፍርሶታል። ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ የሚባሉት የፈረንሳይ ዝርያዎች ተተክለው፣ ጉማሬና ሌላም አውሬ እንዳይገባ በዙሪያው ቦይ ተቆፍሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ወይኑ ለገበያ ቀርቧል። በክረምት ብርድ ቅጠሉን አራግፎ በማይተኛበት በሐሩር አገር፣ ተክሉን የሚያሳርፈውና የሚቀሰቅሰው የገበሬው መግረዣ ነው፤ ፍሬውም በደረቁ ወራት እንዲበስል ጊዜው የሚቀመረው በእርሱ ነው። የበሰለ ዘለላ ዝናብ ካገኘው ይበሰብሳልና፣ ለሐራም ቢሆን ጥያቄው ሙቀቱ ሳይሆን የዝናቡ ወቅትና የመስኖው ውሃ ይመስለኛል። ሙቀቱ የሚያስቸግረው በመጥመቂያው ውስጥ ነው፦ ነጩ ወይን ከ12 እስከ 18፣ ቀዩ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ አካባቢ ቢፈላ ይወዳል፤ ወደ 40 ከተጠጋ ግን እርሾው ስለሚሞት ስኳሩ ሳያልቅ ፍላቱ ይቆማል። ፋብሪካዎች ማቀዝቀዣ የተገጠመለት የብረት ጋን የሚገዙት ለዚህ ነው።

ለቅዳሴ የሚቀርበው ወይን ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው፤ አንድ አድርገው የሚናገሩ ሰዎች ሁለቱንም አያውቋቸውም። በየደብሩ ቤተልሔም ዘቢብ በውሃ ተዘፍዝፎ፣ ታሽቶና ተጣርቶ ለዕለቱ ቅዳሴ ይዘጋጃል እንጂ፣ ለወራት እየፈላ አይከርምም። ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር እ.ኤ.አ. በ1520 የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም የዘቢቡን ሥርዐት አይቶ ጽፎታል።

«ወይን ባረጀ ቍጥር ይጣፍጣል» የሚለው አነጋገር ክብር ያገኘው ከጥቂቶቹ ውድ ወይኖች ነው። የጠራው ወይን በብረት ጋን ወይም 225 ሊትር በሚይዝ የኦክ በርሜል ከርሞ፣ ተጣርቶ፣ 750 ሚሊ ሊትር በሚይዘው ጠርሙስ ከታሸገ በኋላ፣ አብዛኛው በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዲጠጣ የተሠራ ነው፤ በሞቃት ሱቅ መደርደሪያ ላይ ፀሐይ እየመታው የቆየ ጠርሙስ ያረጃል እንጂ አይበስልም። በጠርሙሱ ላይ የሚጻፈው ሰልፋይትም ብዙዎች እንደሚሉት መርዝ አይደለም። ወይኑ አየር ነክቶት እንዳይበላሽ የሚጨመር ነው፤ ከራሱ ከፍላቱም በጥቂቱ ይወጣል። አስም ያለበት ሰው ግን ሊጠነቀቀው ይገባል።

ከሁሉ የሚጎዳው ወሬ የመጨረሻው ነው፦ ቀይ ወይን ደም ይሞላል እየተባለ ለአራስና ደም ላነሰው ሰው ይቀዳል። የቀለም መመሳሰል መድኃኒት አያደርግም፤ በወይን ውስጥ ያለው ብረት ደም ማነስን የሚያድን መጠን የለውም፣ አልኮሉም በእናት ጡት ወተት ወደ ሕፃኑ ያልፋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ለጤና ጉዳት የሌለው የአልኮል መጠን የለም ብሎ አስታውቋል። እንግዲህ በቤትዎ ደም ያነሳት አራስ ካለች፣ ጠርሙሱን ይተዉትና ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዷት፤ ደሟ ይመርመር፣ የብረት ክኒኑም በሐኪም ትእዛዝ ይሰጣት።