ተጨማሪ መረጃ፦ ከቀያቸው ያልተነሱት የቢግ ማውንቴን እናቶች

በአሜሪካ የአሪዞና ግዛት፣ ናቫሆ የተባሉ ነባር ሕዝቦች የሕፃን እትብት ከበጎች በረት አጠገብ ይቀብራሉ። ልጁ ከመሬቱና ከመንጋው ጋር እንዲተሳሰር ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣ ሕግ ግን በዚህ መሬት መካከል አጥር አስዘረጋ።

ሕጉ ናቫሆዎችና ሆፒ የተባሉት ሌሎች ነባር ሕዝቦች በጋራ ይጠቀሙበት የነበረውን 1.8 ሚሊዮን ኤከር ያህል መሬት ለሁለት ከፈለ፤ በሌላው ሕዝብ ድርሻ ውስጥ የቀረ ሁሉ እንዲነሳም አዘዘ። ትእዛዙ 100 ያህል ሆፒዎችንና ከ10,000 በላይ ናቫሆዎችን ነካ። በአካባቢው ትልቅ የድንጋይ ከሰል ክምችት ስላለ፣ ብዙዎች ከሕጉ ጀርባ የማዕድን ጥቅም እንዳለ ያምኑ ነበር።

ናቫሆዎች ዘር የሚቆጥሩት በእናት በኩል ነው፤ ቢግ ማውንቴን በተባለው የዚህ መሬት ክፍል ተቃውሞውን የመሩትም በዕድሜ የገፉ እናቶች ናቸው። ካትሪን ስሚዝ በ1979 አጥር ሊያጥሩ ከመጡ ሠራተኞች ራስ በላይ ጥይት ተኮሱ። ሸማኔዋ ሮበርታ ብላክጎትም በ2002 እስኪያርፉ ድረስ መኖሪያቸውን ለመልቀቅ እሺ አላሉም።

እምቢ ማለት ዋጋ ነበረው። አዲስ ቤት መሥራት ተከለከለ፣ ከብቶቻቸውንም እንዲቀንሱ ተገደዱ። እሺ ብለው የተነሱትም አልቀናቸውም፤ ወደ ከተማ የገቡ ብዙዎች በዕዳ ምክንያት አዲሱን ቤታቸውን አጡ።

በ1996 የወጣ ሕግ የቀሩት ቤተሰቦች በገዛ ቀያቸው የ75 ዓመት የኪራይ ውል እንዲፈርሙ ፈቀደ። አንዳንዶቹ ግን አንፈርምም አሉ።